በጥያቄ የተነገረ ዕውቀት

ይህ የማወጋችሁ ነገር ያገኘኝ በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ከዋሽንግተን አጠገብ በእኅቴ ቤት በእንግድነት ተቀምጬ ሳለሁ ነው፤ ከዚህ በታች የሚነሡትም ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። የእኅቴ ልጅ በአገራችን ሕክምና ተምሮ፥ በአንድ የወረዳ ሆስፒታል አራት ዓመት በሐኪምነት አገልግሎ ወደ አሜሪካ የተሻገረ ነው። በዚያ ጊዜ ግን ሥራው በመኪና ማቆሚያ ቦታ የሰው መኪና መቀበልና መመለስ ነበረ። አንድ ማታ ከእራት በኋላ «የኔታ፥ የነርስነት ትምህርት ልጀምር አስቤአለሁ፤ ምን ይሉኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ነገሩን ሳልመረምር «ቅኔ ያስተማረ ሰው ተመልሶ ፊደል ሊቆጥር ነውን?» አልሁት። አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

ሳምንት ሳይሞላ የሐሞት ጠጠር ይዞኝ ሆስፒታል ገባሁ፤ ጠጠሩንም በቀዶ ሕክምና አወጡልኝ። በሁለተኛው ሌሊት ተረኛዋ ነርስ በዕድሜ ከእኔ ጋራ የምትቀራረብ የፊሊፒንስ ሴት ነበረች። ብርድ ልብሴን ስታስተካክል ግራ ባቴን አየችና ቆመች። በጣቷ ጫነችው፤ ቀኙንም ጫነች፤ ሁለቱንም በሜትር ለካች፤ ስተነፍስም ደረቴን ይወጋኝ እንደ ሆነ ጠየቀች። ከዚህ በኋላ ለወጣቱ ሐኪም ደወለች። የእኅቴ ልጅ በወንበር ላይ እያንቀላፋ ሲያስተረጉምልኝ ያመሽ ነበርና፥ ንግግሯን ሲሰማ ፈጽሞ ነቃ። «የኔታ፥ ይህች ሴት የሕመሙን ስም ታውቀዋለች፤ አትጠራውም እንጂ» አለኝ በቀስታ። የምትለውም እንዲህ ነበር፦ የግራው ባት ከቀኙ በሦስት ሴንቲሜትር ይበልጣል፤ ይሞቃል፤ ምን ይመስልዎታል፥ መመርመር ያሻው ይሆን?

ወጣቱ ሐኪም ፈጥኖ መጣ፤ በመሣሪያም አስመረመረኝ። ደም በሥሬ ውስጥ ረግቶ ተገኘ፤ ተነሥቶ ወደ ሳንባዬ ሳይሄድም መድኃኒት ተጀመረልኝ። እኔም ሐኪሙን እጅ ነሥቼ አመሰገንሁት። እርስዋን ማመስገን ትዝ ያለኝ ሲነጋ ነው።

በነጋም ጊዜ የእኅቴ ልጅ «እርስዎ ሐኪም ነበሩን?» ብሎ ጠየቃት። እርስዋም ፈገግ አለችና፥ በሚንዳናው ደሴት በአንድ ሆስፒታል ዐሥራ አንድ ዓመት የሕፃናት ሐኪም እንደ ነበረች ነገረችን።

የእርስዋ ታሪክ የብዙዎች ታሪክ ነው። ፊሊፒንስ ነርሶችን አስተምራ ወደ ባሕር ማዶ መላክ የለመደች አገር ናት፤ ከ1948 ጀምሮ በልውውጥ ጎብኚነት ስም ብዙዎች ወደ አሜሪካ ተሻግረዋል። ሁለት ሺህ ዓመት ከገባ ወዲህ ግን ሐኪሞቹ ራሳቸው በሺህ እየተቈጠሩ የነርስነት ትምህርት ቤት ገቡ፤ ትምህርት ቤቶቹም ለእነርሱ በአጭር ጊዜ የሚፈጸም ትምህርት አሰናዱ። በ2004 የአገሩን የሐኪምነት ፈተና በአንደኛነት ያለፈው የባሲላን ተወላጅ ወጣት በነርስነት ወደ አሜሪካ እሄዳለሁ ባለ ጊዜ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። የቀድሞው የጤና ጥበቃ ሚኒስትር ዶክተር ሃይሜ ጋልቬዝ ታንም ሆስፒታሎቹ ባዶ እንዳይቀሩ ደጋግመው አስጠነቀቁ።

ምክንያቱ የደመወዙ ብልጫ ብቻ አይደለም። በባዕድ አገር የተማረ ሐኪም በአሜሪካ ሊያክም ቢወድ፥ ሃያ ዓመት ያከመም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ፈተናዎቹን አልፎ እንደ ገና ለዓመታት በተለማማጅነት መቀመጥ አለበት፤ ቦታውም ጥቂት ነው፤ ትምህርቱን ከጨረሰ ብዙ ዓመት ያለፈውንም እምብዛም አይመርጡትም። ነርስ ግን ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና ካለፈና የሚቀጥረው ሆስፒታል ካገኘ፥ ከትዳር ጓደኛውና ከልጆቹ ጋራ ለመኖር ፈቃድ የሚያገኝበት መንገድ አለው። ፈተናው በማኒላ መሰጠት የጀመረው በ2007 ነውና ይህች ሴት ለመፈተን ወደ ሳይፓን ደሴት ተጉዛለች። በጊዜ በመሻገርዋ ዕድለኛ ናት፤ ከ2006 መጨረሻ ወዲህ የቪዛው ወረፋ ረዝሞ፥ ተምረው በአገራቸው የቀሩ ብዙዎች ናቸውና።

«ከሁሉ የከበደሽ ምንድር ነው?» ብዬ በእኅቴ ልጅ አፍ ጠየቅኋት። አልጋ ማንጠፍ፥ ሽንት መድፋት ትለኛለች ብዬ ነበር። እርስዋ ግን «ዐሥራ አንድ ዓመት በአልጋው ላይ ያለውን ሕመም እንጂ አልጋውን አላየሁትም ነበር፤ ይህን መማሬ አይቈጨኝም» አለች። «የከበደኝ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የበሽታውን ስም በመዝገቡ ላይ ጻፍሁ። አለቃዬም ጠርታ፦ እኛ ያየነውን እንጽፋለን እንጂ በሽታውን አንሰይምም አለችኝ። ሕጉ ነው፤ አልተቀየምሁም። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን በጥያቄ እናገራለሁ።»

ይህን ስሰማ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ስድስት ዓመት ቅኔ ካስተማርሁ በኋላ ጎንደር ሄጄ፥ ለሐዲሳት ትርጓሜ ከታናናሾቼ በታች ተቀምጫለሁ፤ ደበሎም ዳግመኛ ለብሻለሁ። ከመምህርነት ወደ ተማሪነት መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር አይደለም፤ ስለዚህ የእኅቴን ልጅ የነቀፍሁበት ቃል በራሴ ላይ የሚፈርድ ነበር። ነገር ግን በበዓል ቀን መምህሬ «እስኪ ያንተን ቅኔ አሰማን» ይሉኝ ነበር እንጂ፥ ቅኔ እንደማያውቅ ሁን ብሎ ያዘዘኝ የለም። ዝቅ ብሎ መቀመጥና ያወቁትን ሸሽጎ መቀመጥ የተለያዩ መሆናቸውን በዚያች ሌሊት በባቴ ዕብጠት ተማርሁ።

«የተዉአቸውስ ሕፃናት?» አላት የእኅቴ ልጅ በድንገት። ይህን እንድጠይቅለት አላዘዝሁትም፤ ከራሱ ነው። እርስዋም ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች፤ «እናቶቻቸው በጀልባ ያመጡአቸው ነበር። አሁን ማን ያያቸዋል ብዬ አልጠይቅም» አለችና የመድኃኒቱን ጋሪ እየገፋች ወጣች። እርሱ ወለሉን ያይ ነበር። ያን ማታ በእራት ጊዜ እኔ የተቈረቈርሁት ለማዕርጉ ነበር፤ የዚያች ወረዳ በሽተኞች በልቤ አልነበሩም።

ወደ አገሬ ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ወረቀት ይዞ መጣ። ነርስነት እየተማረ በሆስፒታል በረዳትነት ሊቀጠር የሚጽፈው ማመልከቻ ነው። «ከዚህ በፊት የነበረ ሙያ» የሚለው መሥመር ባዶ ነበር። ወዳጆቹ «ሐኪም ብትል በጣም የተማረ ነው ብለው ይተዉሃል፤ ዝለለው» ብለው መክረውታል። «ምን ልጻፍ፥ የኔታ?» አለኝ።

«ሐኪም ብለህ ጻፍ» አልሁት። እርሱም ብዕሩን አንሥቶ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ከኪሱ ከተተው። እንዴት አድርጎ እንደ ሞላው እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።