የባሕር ብርሃን በኖርዝላንድ

«ብርሃን» የሚለው ቃል በእንዲህ ያለ መጽሔት ገጽ ላይ ብቅ ሲል፣ ችቦ፣ ጎሕና ንቃተ ኅሊና ተከትለውት እንደሚመጡ አንባቢ ያውቃል። ከእኛ በፊት የነበረው የተማሪ ትውልድ ቃሉን ያለ ዕረፍት ስላሠራው፣ አንባቢ ቢሰለች አይፈረድበትም። ስለዚህ አስቀድሜ ልናገር፦ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ብርሃን የምለው መብራትን ነው። በቀጭን የብረት ገመድ የሚንጠለጠል፣ ከግድግዳ ሶኬት ኃይል የሚስብ፣ ከደመወዝ ተቆጥቦ የተገዛ መብራት።

ነገሩ የሆነው ከኮሎምበስ ከተማ በስተሰሜን፣ ኖርዝላንድ በሚባለው ሰፈር ነው። በዚህ ሰፈር በሞርስ ጎዳና ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 የተከፈተ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ነበር፤ በ2002 ተዘጋ። የቀድሞው ገበያተኛ ወደ አዳዲሶቹ ሰፈሮች ሲሄድ ስደተኛው ገባ። ዛሬ በሞርስና በክሊቭላንድ ጎዳናዎች የሚያልፍ ሰው የሶማሌ ምግብ ቤት፣ የእንጀራ መሸጫ፣ ገንዘብ ማስተላለፊያና ጠጕር ቤት ጎን ለጎን ያያል። ከሁሉም የሚርቀው ነገር ባሕር ነው። ከኮሎምበስ ተነሥቶ ወደ አትላንቲክ ዳርቻ ለመድረስ አንድ ሙሉ ቀን መንዳት ያስፈልጋል።

ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ባልደረባ ሆነው ምጽዋ ላይ ከዐሥር ዓመት በላይ አገልግለዋል። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ስትያዝ እሳቸው አሰብ ነበሩ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. አሰብም ስትያዝ ወደ የመን ከተሻገሩት የጦር መርከቦች በአንዱ ላይ ተሳፈሩ። ከዚያ በኋላ ያለውን የስደት ታሪክ አንባቢ ከየቤቱ ያውቀዋልና አልዘረዝርም። አሁን በአንድ የመኪና ማቆሚያ የማታ ተረኛ ናቸው። ባሕርን ሲያነሡ ስለ ጦርነቱ አይናገሩም። የሚናገሩት ስለ ዳህላክ ደሴቶች፣ በዕረፍት ቀናቸው ጠልቀው ስላዩት የኮራል ደን ነው።

እኔ ደግሞ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ስለ ባሕር በር ጉዳይ በሴሚናር ላይ ሁለት ጊዜ ጽሑፍ አቅርቤ ተከራክሬአለሁ፤ ባሕርን ግን ከአውሮፕላን መስኮት በቀር አይቼ አላውቅም።

ባለፈው መኸር ከተማውን የሚለቅ አንድ ጎረቤት 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለውንና 280 ሊትር ያህል ውኃ የሚይዘውን የመስተዋት ገንዳውን ለጋሼ በርካሽ ሸጠላቸው። መብራቱ ተቃጥሎ ነበር። «ገንዳውን እኔ እሞላዋለሁ፤ መብራቱን አንተ አጥናልኝ» አሉኝ። «ዩኒቨርሲቲ የምትመላለሰው ለምን ሆነና!»

እንግዲህ አጠናሁ። ኮራል ድንጋይ ወይም ተክል መስሎ ይታያል እንጂ እንስሳ ነው። ሆኖም በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ አልጌዎችን ያኖራል፤ እነሱ ከብርሃን ስኳር ይሠራሉ፣ እሱም ከሚሠሩት አብዛኛውን ይበላል። ስለዚህ በኮራል ገንዳ ላይ የሚሰቀል መብራት ጌጥ ሳይሆን እርሻ ነው ማለት ይቻላል። ውኃ ቀዩን ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይውጠዋል፤ ወደ ጥልቁ የሚዘልቀው ሰማያዊው ነው። አልጌዎቹም በዚሁ ይጠቀማሉ፤ በተለይ የሞገድ ርዝመቱ ከ420 እስከ 480 ናኖ ሜትር የሆነውን ብርሃን ይወዱታል።

ቀደም ሲል ገንዳ አሳዳጊዎች ይህን ብርሃን የሚያገኙት ከ250 እስከ 400 ዋት በሚበሉ፣ ውኃውን እስከ ማሞቅ በሚደርሱ ትላልቅ አምፖሎች ነበር። ዛሬ ሥራውን የሚሠራው ኤል.ኢ.ዲ. የሚባለው ጥቃቅን ዳዮድ ነው። ቀዩና አረንጓዴው ዳዮድ አስቀድሞ ነበረ፤ የቸገረው ሰማያዊው ነበር። ሹጂ ናካሙራ የተባለው የጃፓን መሐንዲስ ደማቁን ሰማያዊ ዳዮድ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘበት በ2014 ነው። የእኔ ትምህርት ተማሪ ዓመተ ምሕረት ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍምና፣ በዚያው በ1993 የኤርትራ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ነጻነቱ እንደታወጀ፣ ኢትዮጵያም ያለ ባሕር እንደቀረች ትዝ አለኝ። ሰማያዊው ብርሃን በተገኘበት ዓመት ሰማያዊው ባሕር ሄደ ብዬ ለጋሼ ነገርኳቸው። አልሳቁም። «አንዱ ከሌላው ጋር ምን አለው?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ምንም የለውም።

የመጀመሪያው ቅራኔ የተነሣው በቀለም ነው። እኔ ሰማያዊው የሚያመዝንበትን መብራት መርጬ ነበር። ጋሼ ደግሞ የሚፈልጉት የዳህላክን ቀትር ነው፤ ነጭ፣ ዓይን የሚወጋ፣ አሸዋውን የሚያበራ። «ይህ የጭፈራ ቤት መብራት ነው» አሉ። በመጨረሻም ሰማያዊውና ነጩ በየራሳቸው ማስተካከያ የሚጨመሩና የሚቀነሱበት፣ ጥንድ ሆነው የሚሸጡ ሁለት መብራቶች ገዛን። አንድ መብራት ለ60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይበቃል ስለሚባል 120ውን ለመሸፈን ሁለት ያስፈልጉ ነበር። አንድ ብቻ ሰቅሎ ኃይሉን መጨመር ይቻል የነበረ ይመስለኛል፤ ግን መካከሉን ያቃጥላል፣ ጥጋጥጉን በጨለማ ይተዋል፣ ከቅርንጫፎቹም ሥር ጥላ ይጥላል።

ሁለተኛው ችግር የመስቀያው ነበር። ከኮርኒሱ ላይ ማንጠልጠል ከሁሉ ይሻላል፤ ሆኖም የኪራይ ውላችን ኮርኒስ መብሳትን ይከለክላል፣ ቢፈቅድስ እንኳ ከኮርኒሱ በስተጀርባ ያለውን ወራጅ ሳያገኙ ብሎን ማሰር መብራቱን ገንዳ ውስጥ ለመጣል መሰናዳት ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚተላለፍበትን የብረት ቱቦ ገዝተን፣ እንደ ቅስት አጥፈን፣ ሁለቱን እግሮቹን ከገንዳው የእንጨት መቀመጫ ጀርባ ጋር በብሎን አሠርን። ቅስቱ ከገንዳው በላይ ተዘርግቶ ቆመ፤ መብራቶቹ ከእሱ ላይ በገመድ ተንጠለጠሉ።

እዚህ ላይ መምህሩ ተለወጠ። እኔ የሞገድ ርዝመት አውቃለሁ፤ ጨውን የሚያውቁት ጋሼ ናቸው። ከገንዳ የሚረጨው ጠብታ ሲደርቅ ጨው ይሆናል፣ ጨውም ቀስ እያለ በብረት፣ በብሎንና በሽቦ ላይ ይዘልቃል። ቱቦውን እንደ መርከብ አካል ሁለት ጊዜ ቀለም ቀቡት። የፋብሪካውን መንጠቆ ጥለው ገመዱን በራሳቸው ቋጠሮ አሠሩት፤ ከፍና ዝቅ ማድረግ ሲያስፈልግ በአንድ እጅ ይፈታል፣ ካልተነካ ግን አይንሸራተትም። የመብራቱ ሽቦም በቀጥታ ወደ ሶኬቱ እንዳይሄድ፣ ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ እንደገና ወደ ላይ እንዲወጣ አደረጉ፤ በሽቦው ላይ የሚወርድ ውኃ ከታችኛው እጥፋት ላይ ወለል ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ይህን ያህል ቀላል ነገር ስንት ቤት ከእሳት እንደሚያድን አንባቢ ያስብ። የምንጠቀምበትም ሶኬት ኃይሉ ወደ መሬት ሲያመልጥ በራሱ የሚያቋርጥ ዓይነት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ግለ ሂስ ነው። ቀደምቶቻችን ይህን በስብሰባ ፊት ቆመው ያደርጉት ነበር፤ እኔ በጽሑፍ አደርገዋለሁ።

ገንዳው ተሞልቶ ውኃው ለስድስት ሳምንት ከተረጋጋ በኋላ፣ ጋሼ ከአንድ አሳዳጊ ቤት ሐምራዊ የስታይሎፎራ ቅርንጫፍ መረጡ። ስታይሎፎራ የቀይ ባሕር ተወላጅ ነው፤ ገና ሲያዩት አወቁት። ድንጋይ ላይ አጣብቀን በገንዳው መካከል፣ ወደ ላይ ጠጋ አድርገን አቆምነው። ጋሼ ወንበራቸውን ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያላዩትን ነገር እስኪያዩ ጓጉተው ነበርና፣ እኔም ደስ እንዲላቸው ብዬ ሁለቱንም ቀለሞች 100 በመቶ ከፈትኳቸው። ክፍሉ በራ። «እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ።

በስምንተኛው ቀን የቅርንጫፉ ጫፎች ነጡ። በዐሥራ አንደኛው ቀን ሐምራዊው ቀለም ከላይኛው ገጽታው ጨርሶ ጠፋ። ብርሃኑ ሲበዛ አልጌዎቹ የሚያመነጩት ነገር ወደ መርዝነት ይለወጣል፤ ኮራሉም የሚመግቡትን አልጌዎች ራሱ ያስወጣል፣ ከዚያም ከስስ ሥጋው በታች ነጭ አጽሙ ይታያል። የባሕሩ ውኃ ሲሞቅ በዓለም ዙሪያ የሚደርሰውም ይኸው ነው። የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ይህ መንጣት በዓለም ዙሪያ ለአራተኛ ጊዜ መከሠቱን አስታውቆ ነበር። በእኛ ሳሎን የደረሰው ግን የአየር ንብረት ጥፋት አልነበረም። የእኔ እጅ ነው።

ጋሼ አልተቆጡም። ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው መለሱና ወደ ሥራ ሄዱ። በማግስቱ ጧት ግን ሳይተኙ ጠበቁኝ፤ የጠየቁኝም አንድ ነገር ብቻ ነው፦

«ይህ ከስንት ሜትር ነው የወጣው?»

አላወቅሁም። በዋጋ፣ በዋትና በቀለም ስከራከር ይህን አልጠየቅሁም። ስታይሎፎራ ከባሕሩ ወለል አንሥቶ ብርሃን እስከሚደክምበት ጥልቀት ድረስ ይኖራል፤ ፋልኮውስኪና ዱቢንስኪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት በደማቅ ብርሃንና በጥላ ያደጉት አንድ ዓይነት ኮራሎች አልጌዎቻቸው እንኳ የተለያዩ ሆነው እንደሚገኙ አሳይተዋል። በጥላ ያደገውን ድንገት ወደ ቀትር ማውጣት አይቻልም። ወደ ሻጩ ደወልኩ። ሰውዬው ሳቀ። ኮራሉ ከየትም ሜትር አልወጣም፤ ከሌላ ሰው ገንዳ የተቆረጠ ነው፣ ያም ከሌላ ገንዳ። በእርሱ ቤት የነበረው ብርሃን በፎቶን መለኪያ 120 ያህል ነበር። መለኪያውን ለሁለት ቀን አዋሰኝ። እኛ ባቆምንበት ቦታ ላይ ስለካው 380 አነበብኩ።

ይህን ለጋሼ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እንዳንተ ነዋ» አሉ። «የባሕር ልጅ ይባላል እንጂ ባሕር አላየም።»

የተናገሩት ሊያስከፉኝ አልነበረም፤ እኔም አልከፋኝም። ስለ ወደብ የጻፍኳቸውን ሁለት ጽሑፎች ግን በዚያው ሳምንት አውጥቼ አነበብኳቸው። ድምፃቸው ከፍ ያለ ነው። ሁለቱም በ100 በመቶ የተከፈቱ ናቸው።

መብራቶቹን ከ20 ወደ 35 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረግናቸው። ከፍታ ሲጨምር ብርሃኑ ይሰፋል፣ ይለዝባልም። ኃይሉን ወደ 25 በመቶ አወረድን፣ ነጩን ከዚያም አሳነስነው፤ ቅርንጫፉንም ከወለሉ አጠገብ፣ መለኪያው 90 በሚያነብበት ቦታ አኖርነው። ለሦስት ሳምንት ምንም ሳንነካ ቆየን። ጋሼ ከሥራ ሲመለሱ ደቃቅ ምግብ በቀጭን ቧንቧ ያጠጡታል፤ አልጌዎቹ እስኪመለሱ እንስሳው በአፉ መኖር አለበትና።

በዚያው ጊዜ አንድ ቅዳሜ ወደ መሀል ከተማ ይዣቸው ሄድኩ። የኦሃዮ ምክር ቤት ሕንፃ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1861 የተሠራው ከሲዮቶ ወንዝ ማዶ በእስረኞች ጭምር ከተፈለጠ የኖራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ከ390 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይህ አገር ከምድር ወገብ በስተደቡብ የሚገኝ ሞቃት ባሕር በነበረበት ጊዜ የተጋገረ ነው፤ ቀርቦ ለሚያይ ሰው በውስጡ የኮራል ቅርጽ ይታያል። ሕንፃውን እንደ ፖለቲካ ተማሪ ብዙ ጊዜ ጎብኝቼዋለሁ፤ ድንጋዩን ግን አላየሁትም ነበር። ጋሼ እንደ ማር እንጀራ የተቀፈቀፈ ቅርጽ አገኙና በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። የምጽዋ አሮጌ ቤቶችም ከባሕር በተወሰደ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ በሰፈሩበት ቤት ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለውን እየዳሰሱ ይተኙ እንደነበር ነገሩኝ። እኔም በአፋር፣ ከባሕር ወለል በታች በሆነው የደናክል ምድር፣ ቀይ ባሕር ከመቶ ሺህ ዓመት በፊት ገብቶ ሲወጣ የተወው የኮራል አጽም ዛሬም በኢትዮጵያ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እንደሚገኝ ነገርኳቸው። ይህን አያውቁም ነበር። «እውነትህን ነው?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ።

በሰባተኛው ሳምንት ከቅርንጫፉ ሥር ቡናማ ጥላ የመሰለ ነገር ታየ፤ አልጌዎቹ እየተመለሱ ነበር። ሐምራዊው ከዚያ በኋላ ዘግይቶ መጣ። አንዱ ጫፍ ግን ሞቶ ቀረ፤ አሁን አረንጓዴ ሻጋታ ይዞታል።

መብራቱ የሚበራው ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ነው፤ ጋሼ የማታውን ፈረቃ ጨርሰው የሚገቡት ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ። የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ሰማያዊው ብቻ ነው። የጭፈራ ቤት ያሉትን መብራት አሁን የሳሎኑን አምፖል አጥፍተው ያዩታል። በየሳምንቱ እሑድ 5 በመቶ እንጨምራለን፤ ቋጠሮውን የሚፈቱት እሳቸው፣ ቁጥሩን የምጽፈው እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ 55 ላይ ደርሰናል። ጋሼ በዚህ እሑድ እንዳንጨምር፣ አንድ ሳምንት እንድንታገሥ ብለዋል።