ከብሎክ አይላንድ ማዶ የቆሙት አምስት ተርባይኖች

ልጄን ልጠይቅ አሜሪካ በሄድኩበት ጊዜ፣ ከሮድ አይላንድ ግዛት በመርከብ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ብሎክ አይላንድ የምትባል ትንሽ ደሴት ደረስን። ከደቡቡ ገደል አፋፍ ላይ ሆነን ስንመለከት፣ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አምስት ግዙፍ የነፋስ ተርባይኖች ባሕሩ ላይ ቆመዋል። በፈረንጆቹ 2016 ሥራ የጀመሩ ሲሆን 30 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ፤ በአሜሪካ ባሕር ላይ ለንግድ የተተከሉ የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ከመተከላቸው በፊት ነዋሪው ብዙ ተከራክሯል። አንዱ የባሕሩ ውበት ይበላሻል አለ፤ ዓሣ አጥማጁ ለመረቡ ሰጋ። ሌላው ደግሞ ከናፍጣ መገላገልን ፈለገ፤ ደሴቲቱ እስከ 2017 ድረስ መብራት የምታገኘው በመርከብ በሚጫን ናፍጣ ከሚሠሩ ጄኔሬተሮች ነበርና። ዛሬ ጄኔሬተሮቹ መጠባበቂያ ናቸው።

ዕድሜዬን በነርስነት ስላሳለፍኩ፣ የናፍጣ ጭስ አስም ያለበትን ሕፃንና ሳንባው የደከመን አዛውንት እንዴት እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ። የዓሣ አጥማጁ ስጋትም የእንጀራ ጉዳይ ነውና ተቀምጦ መነጋገርን፣ ጉዳት ከደረሰበትም ካሳን ይጠይቃል። ተርባይኖቹም ቢሆኑ ከዓይን አይሰወሩም። ለልጅ ልጆችሽ ምረጪ ብባል ግን፣ ተርባይን የሚታይበትን ባሕርና ጭስ የሌለበትን አየር እመርጥላቸዋለሁ።