አልተለካም

በ2010 ዓ.ም. የካቲት ላይ አራት የአርክቴክቸር ተማሪዎች ሆነን ከአዲስ አበባ ተነሣን፤ ወልድያ አድረን በማግስቱ ላሊበላ ገባን። የመመረቂያ ጥናታችን ቤተ ጊዮርጊስን በፎቶግራፍ ለክቶ ስሪዲ ሞዴሉን መሥራት ነበር።

የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲው ዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ስካነር እንደ ቀረጻቸው እናውቃለን። እኛ ስካነር አልነበረንም። የያዝነው ሁለት ካሜራ፣ አንድ ትሪፖድ፣ የጨርቅ ሜትርና ምልክት የታተመባቸው ወረቀቶች ነበር። አሠራሩ ግን ለተማሪም የሚቻል ነው። አንዱን ነጥብ ከተለያየ ቦታ ደጋግመው ካነሡት፣ ፕሮግራሙ ካሜራው የት ቆሞ እንደ ነበር መልሶ ያሰላና ነጥቡን በቦታው ያኖረዋል። ነጥቦቹ ሚሊዮን ሲሆኑ ድንጋዩ ስክሪኑ ላይ ይቆማል። ወረቀቶቹን ቅዱስ ድንጋይ ላይ መለጠፍ አይታሰብም፤ መሬት ላይ ዘርግተን በጠጠር አስያዝናቸውና በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሜትር ለካን።

ያስቸገረችን ፀሐይ ናት። ቤተ ክርስቲያኑ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ 12 ሜትር ያህል በሚጠልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው የቆመው። ረፋድ ላይ አንዱ ግድግዳ ሲቃጠል ሌላው ጨለማ ነው፤ ጥላው ደግሞ ይንቀሳቀሳል፣ ፕሮግራሙም ይሳሳታል። ስለዚህ ኪዳን ተደርሶ ሕዝቡ ሲወጣ፣ ፀሐይዋ ወደ ጉድጓዱ ሳትወርድ ባለችው አጭር ጊዜ ብቻ እንሠራ ነበር። አምስት ጧት ፈጀብን። የመሮውን ምት አንድ በአንድ ያየሁት ያኔ ነው። በአውቶካድ መስመር ሲያሰምር ለኖረ ተማሪ፣ እያንዳንዱ ስንዝር የአንድ ሰው ክንድ ያረፈበት መሆኑን ማየት ሌላ ትምህርት ነው።

ውስጡ ደግሞ ሌላ ነው። ጫማችንን አውልቀን ገባን፤ በትሪፖድ፣ ያለ ፍላሽ፣ ቀስ እያልን አነሣን። በምሥራቁ ክንፍ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ወዲያ መቅደስ ነው።

ከአራታችን አንዱ ዲያቆን ነው፤ በልጅነቱ በአገሩ ክህነት የተቀበለ። ወደ ጎን ጠራሁትና «አንተ መግባት ትችላለህ። ካሜራውን ይዘህ አንድ ዙር ብቻ» አልኩት። ይህን ማለቴ እስካሁን ይከነክነኛል። እሱ አልተቆጣኝም።

«እዚያ የምገባው ላገለግል ነው» አለኝና ትሪፖዱን ማጣጠፍ ጀመረ።

አዲስ አበባ ተመልሰን ሥዕሎቹን ለኮምፒውተሩ ሰጠን። መብራት በጠፋ ቁጥር ሒሳቡ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ ግን ወጣ። ጣራው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹት ሦስቱ መስቀሎች ጥርት ብለው ሲታዩ አራታችንም ዝም አልን። ምሥራቁ ክንፍ ጋ ግን ሞዴሉ ክፍት ነበር። ፕሮግራሙ ክፍተት የሚሞላ ትእዛዝ አለው፤ በዙሪያው ያለውን ድንጋይ ተከትሎ ይገምታል። ተጫንኩት። ለስላሳና ያማረ ግድግዳ መጣ።

ሚያዝያ ላይ የጎደሉ ልኮችን ልንወስድ ተመለስን። ቁልፍ ሲከፍቱልን የሰነበቱት ቄስ ሥራችሁን አሳዩኝ አሉ። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ተቀመጥን፤ ስክሪኑ እንዲታይ በጋቢያቸው ፀሐዩን ጋረዱልን።

«የፈረሱ ኮቴ ወጥቷል?» አሉ መጀመሪያ። የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ነው የሚባለው አሻራ አለ። አጉልቼ አሳየኋቸው። አማተቡ፤ ፊታቸው በራ። ከዚያ በሞዴሉ ወደ ውስጥ ገባሁና መጋረጃውን አልፌ ያን ለስላሳ ግድግዳ አሳየሁ።

«ልጄ፣ እዚህ ገብተሽ ነበር?»

«አልገባሁም፣ አባታችን።»

«ታዲያ ይኼን ማን አየው?»

ኮምፒውተሩ ገምቶ እንደሚሞላ አስረዳኋቸው። አዳምጠውኝ ሲያበቁ «እሱም አልገባም» አሉ። በቃ፤ ሌላ አልተናገሩም።

ያን ሌሊት የተሞላውን ሁሉ አጠፋሁ። መቅደሱን ብቻ አይደለም፤ ካሜራ ያልደረሰባቸውን ማእዘናትና ከመስኮቶቹ በላይ ያሉ ቦታዎችንም። ሁሉንም ግራጫ ቀባኋቸው። የለንደን ቻርተር የሚባል፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የተረቀቀና በ2009 እ.ኤ.አ. የተሻሻለ ሰነድ መኖሩን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቅርስን በኮምፒውተር የሚያሳይ ሰው በማስረጃ ያቆመውንና በግምት የጨመረውን ለተመልካቹ ለይቶ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። እኔ ግን ይህን የተማርኩት ከቄሱ ነው። የተለካና የተገመተ ድንጋይ ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው፤ ከ50 ዓመት በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ሰው በምን ይለያቸዋል? አንድ ቀን አለቱ ቢሰነጠቅና ጥገና ቢያስፈልግ፣ የእኔን ግምት እንደ ልኬት ይዞ ይሠራል።

አማካሪያችን ፈታኞቹ «አልተጠናቀቀም» እንዳይሉ ሰጉ፤ እኛም ፈርተን ነበር። በግራጫው ላይ «አልተለካም» የሚለውን ጽሑፍ ያስገባው ዲያቆኑ ጓደኛችን ነው። ጥናታችንን በተከላከልንበት ቀን ከፈታኞቹ አንዱ ወደ ምሥራቁ ክንፍ አመልክተው ለምን እንደ ተተወ ጠየቁ።

«ስላልገባን ነው» አለ ጓደኛዬ።

ፈታኙ ማስታወሻቸው ላይ አንድ ነገር ጽፈው ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ። ሞዴሉ ከመጋረጃው ወዲያ ዛሬም ግራጫ ነው።