ስለ እናትነት ጥቂት ቃል

በአገራችን አነጋገር «እናት» የሚለው ስም ከወለደችው ሴት አልፎ የሚሄድ ነው። የክርስትና እናት፥ የጡት እናት፥ የእንጀራ እናት እንላለን። (ከነዚህ መካከል የእንጀራ እናት ብቻ ክፉ ስም ወጥቶላታል፤ እንጀራ ማብላት የሚያስነቅፍበትን ምክንያት እስከ ዛሬ አልተረዳሁትም።) ይህን የመሰለ ሰፊ ቃል ይዘን ሳለን፥ ያልወለደችውን ሴት በሰው መካከል አንገቷን እናስደፋታለን።

እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነቴ የምስክሮችን ስም፥ ዕድሜና የቤተ ሰብ ኹኔታ ስጽፍ ብዙ ዘመን ኾኖኛል። በሰፈሬ በኮልፌ ቀራንዮ፥ በአጠና ተራ አጠገብ ጉልት ዘርግተው የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ለምስክርነት በቀረቡ ጊዜ፥ «እማማ፥ ስንት ልጆች አሉዎት?» ብዬ ለሥርዐቱ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፥ የወለድኩትን ነው ወይስ ያሳደግኩትን?» ሲሉ መለሱልኝ። የወለዱት የለም፤ ያሳደጉት አምስት ነው። ከአምስቱም ኹለቱ በኩፍኝ በታመሙ ጊዜ ሌሊቱን እያፈራረቁ አዝለው እንዳነጉ በጉርብትና ዐውቃለሁ። በመዝገቡ ላይ ለልጆች ቍጥር የተተወው ቦታ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ በኋላም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ጉዲፈቻን አጽንተዋል። ከዚያም እጅግ የቀደመ ፍርድ አለ። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 3 ስለ አንድ ሕፃን የተከራከሩት ኹለት ሴቶች ምስክር አልነበራቸውም። ሰሎሞን እናቲቱን የለየው ስለ ምጧ በቀረበ ማስረጃ ሳይኾን፥ ልጁ ከሚሞት ለሌላዪቱ ይሰጥ ብላ መብቷን በመተዋ ነው። ለፍርድ ቤት ሰው ይህ የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ በእኛ ዘንድ መብቱን የተወ ተከራካሪ ተሸናፊ ነውና።

በዘመናችን እንዲህ ያለውን መተው ያሳዩን ወይዘሮ አበበች ጎበና ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ተወልደው፥ አባታቸውን በጣሊያን ወረራ አጥተው በአያቶቻቸው እጅ አደጉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ለመሳለም ወደ ግሸን ማርያም በሄዱ ጊዜ አገሩን ረኃብ መትቶት አገኙ፤ በሞተች እናቱ ሬሳ ላይ ኾኖ ጡት የሚጠባ ሕፃን አይተው ማለፍ አልቻሉም። ኹለት ልጆች ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ኾኑ። በቤታቸው ተቃውሞ ቢነሣ፥ ትዳራቸውንና ደኅናውን ኑሮ ትተው ልጆቹን ይዘው ወጡ፤ እንጀራና ዳቦ እየጋገሩ በመሸጥም አሳደጓቸው። በኋላ በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ድርጅት ለብዙ ሺህ ልጆች መጠጊያ ኾነ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ በ85 ዓመታቸው ዐረፉ። ብዙዎች «የአፍሪቃዋ እናት ቴሬዛ» ይሏቸው ነበር። በእኔ አስተያየት የባዕድ ስም ሳይጨመርበት እናት መባል በበቃቸው ነበር።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ሹማምንት ሆይ፥ ያልወለደችውን ልጅ ይዛ ለትምህርት ቤት ወይም ለሕክምና የምትቀርብን ሴት «ለልጁ ምኑ ነሽ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሕፃናትን ከሌባ መጠበቅ ግዴታ ስለ ኾነ። ነገር ግን ወረቀቱ እስኪጣራ ድረስ ልጁን እንዳዘለች በደጅ አትቁም፤ ወንበር ይሰጣት።