ንብ የሌለበት ግቢ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ዱባ ነው።

እዚሁ ቡላኦስ በምኖርበት ግቢ አንዲት እናት ጎረቤት አሉኝ። ከሀገር ቤት ሲወጡ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ካመጧቸው የዱባ ፍሬዎች የቀሯቸውን ሦስቱን ሰጡኝና፣ «አንተ ዩኒቨርሲቲ የረገጥህ ልጅ ነህ፤ አብቅልልኝ» አሉኝ። በተቀደደ ጀሪካን አፈር ሞልቼ ዘራሁ፤ ሩዝ የታጠበበትን ውሃ እያጠራቀምሁ አጠጣሁ። ሁለቱን ሙቀቱ ጨረሳቸው። ሦስተኛው ግን ሐረጉን በአጥሩ ላይ ስቦ አበበ።

አበባው ቢበዛም ፍሬ አልያዘም። ትንንሾቹ ዱባዎች ገና ሎሚ ሳያህሉ ቢጫ እየሆኑ ረገፉ። እኒያ እናት በየማለዳው የወደቀውን ያነሳሉ፤ አንድም ቀን ግን አልወቀሱኝም። ይህም ከወቀሳ ይልቅ ይከብደኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን በክፍል ውስጥ ስለ ድሮሴራ አስተማርሁ። ድሮሴራ ነፍሳት የሚበላ ትንሽ ተክል ነው። የሚያድገው ምግብ ባነሰው ረግረግ አፈር ላይ ስለሆነ፣ በቅጠሎቹ ጠጉር ላይ ባለው ጤዛ መሳይ ሙጫ ነፍሳትን ይዞ ያልማቸዋል። ታዋቂው ቻርልስ ዳርዊን በ1875 እ.ኤ.አ. ስለ እንዲህ ያሉ ተክሎች ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል።

አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ነፍሳቱን ከበላቸው ብናኙን ማን ያደርስለታል?»

አበባው ከቅጠሎቹ ርቆ በረጅም ቀጭን ዘንግ ላይ እንደሚወጣ፣ ብዙዎቹ ዓይነቶችም በራሳቸው ብናኝ ዘር እንደሚይዙ ነገርኋት። ይህን የማይችሉትን ግን አብቃዮች አበባው በሚከፈትባቸው ጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ በለስላሳ ብሩሽ ብናኙን ከአንዱ ተክል አበባ ወደ ሌላው እየነኩ ያራክቧቸዋል አልኋት።

«ታዲያ የጋሼ ዱባስ ለምን በእጅ አይራከብም? እኛ ሰፈር ንብ የለም እኮ» አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ያቋረጥሁት በሦስተኛው ዓመት ነው። አንድ ነገር በተበላሸብኝ ቁጥር «ትምህርቴን ብጨርስ ኖሮ» እላለሁ። ስለ ዱባውም ያልሁት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ርክበ ብናኝን የተማርሁት በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ተፈትኜም አልፌበታለሁ። ላላለቀው ሳለቅስ ያለቀውን ረስቼው ኖሯል።

በማግስቱ ልጅቱ ከወንድሟ ጋር ፀሐይ ሳትበረታ መጣች። ወንዴው አበባ ዘንጉ ቀጭን ነው፤ ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ዱባ ትይዛለች። ወንዴውን ቀጥፈን ቅጠሎቹን ላጥንና፣ ብናኝ ያዘለውን መሐሉን በሴቴዋ መሐል ላይ ቀስ አድርገን ነካን። አበባዋ የምትከፈተው ለአንድ ማለዳ ብቻ ስለሆነ መዘግየት አይቻልም። የመጀመሪያዋ ረገፈች። ሁለተኛዋ ያዘች።

ልጆች፣ በ1841 እ.ኤ.አ. በሬዩኒየን ደሴት ኤድሞን የሚባል የ12 ዓመት ባሪያ ነበር። ከሜክሲኮ የመጣው ቫኒላ በዚያ ደሴት ያብባል እንጂ አያፈራም፤ የሚያራክቡት ነፍሳት በሀገሩ ቀርተዋልና። ኤድሞን በቀጭን እንጨትና በአውራ ጣቱ ማራከቡን አሳየ። ነፃ የወጣው በ1848 ሲሆን በ1880 በድህነት ሞተ፤ በእርሱ መንገድ ግን ዓለም እስከ ዛሬ ይሠራል።

ዱባችን ሲበስል ወጡን ግቢው በሙሉ ቀመሰው። ፍሬውን አደረቅነው። እኒያ እናት ግማሹን ቆጥረው እንደገና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። የቀረው በክፍላችን በጣሳ ተቀምጧል፤ አፈርና የተቀደደ ጀሪካን ያለው ወላጅ ልጁን ልኮ ይውሰድ።

ሰላም ሰንብቱ።