ገና 28 ወይስ 29?
የገና የቁጥር እንቆቅልሽ ሲባል ቶሎ የሚነሳው የፈረንጆቹ የ12 ቀን ስጦታ ዘፈን ነው። በየቀኑ የሚደጋገመው ስጦታ ሁሉ ሲደመር 364 ይመጣል። ደስ ይላል፤ ግን አንዴ ከደመሩት አለቀ።

እኔ የማደላው ለእኛው ነው። ልደት በዘመነ ዮሐንስ ለምን ታኅሣሥ 28 ይውላል? ከፅንሰቱ ማግስት፣ ከመጋቢት 30 ጀምራችሁ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ቁጠሩ፤ 275 ቀን ማለት ነው። ጳጉሜን 5 ከሆነች ታኅሣሥ 29 ላይ ልክ ታርፋላችሁ። 6 ስትሆን ግን አንድ ቀን ይተርፋል፤ በዓሉም ወደ 28 ይሳባል። (ያቺ ጳጉሜን ስንቱን ታምሳለች!)

በ2016 እንዲህ ሆኖ ነበር። ቀጣዩስ መቼ ነው? ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ፤ ቀሪ ከሌለው እሱ ነው። በጣት አንጓ ብቻ፣ ካልኩሌተር ክልክል ነው።