ከዝናብ በኋላ በሻሐሪያ ጫካ

እናቶችና አባቶች፣ ከቂርያት ጋት ወጣ ብሎ ያለውን የሻሐሪያን ጫካ ከዝናብ በኋላ አይታችሁታል? በኪስሌቭና በቴቬት፣ ኦረን ከሚሉት ጥድ ሥር እንጉዳዩ ብቅ ብቅ ይላል። አምና እናቴን ይዣት ሄድኩ። ነጭ እንጉዳይ ስታይ ጎንበስ ብላ፣ «ይሄማ የኛው ያገር ቤቱ ነው!» አለች።

«እማዬ፣ ቆዪ እስቲ» ብዬ ከነሥሩ ቆፍሬ አወጣሁት። ከባርኔጣው ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረ ነጭ ስስ ቅጠል፣ አንገቱ ላይ ቀለበት፣ አፈሩ ውስጥ ደግሞ ከረጢት አለው። ስሙን አልለየሁትም፤ ግን በዚህ አገር የሚበቅለው ገዳዩ አማኒታ ፋሎይድስም ምልክቱ ይኸው ነው። ከላይ የቆረጠ ሰው ከረጢቱን አያይም። ቄሱ አባቴ «ያላወቅኸው ላይ አትባርክ» ይሉ ነበር፤ ጣልነው።

የአማኒታ መርዝ ቢቀቀልም አይጠፋም። ሕመሙ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው። ትውከቱ ተወት ሲያደርግ ሰው ዳንኩ ይላል፤ ጉበቱ ግን እየተጎዳ ነው። የበላ ሰው ሕመሙን ሳይጠብቅ 101 ይደውል፤ ትራፊውንም ይዞ ይሂድ።

ኦርኒያ የሚባለው፣ ከሥሩ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነው፣ ይበላል። እሱም ቢሆን አዋቂ ሳያየው ድስት አይግባ።

ስንመለስ እናቴ፣ «አፈሩ ሌላ፣ ዓይኔ ግን ያው ያገር ቤቱ» አለች። እውነቷን ነው። ሂዱ፣ ለልጅ ልጆቻችሁም አሳዩ፤ ለወጡ ግን ከሱቅ ግዙ።